የሥራ ዕድገት በየትኛው በር ይጠየቅ? ስድስት መንገዶች በንጽጽር

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለውን አብዛኛው ሠራተኛ ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ለማን፣ መቼና በምን መልኩ መናገር እንዳለበት ነው። አንዱ ባልደረባ "ምዘናው ሲደርስ ጠይቅ" ይላል። ሌላው "በደብዳቤ አስገባ፣ ፋይልህ ውስጥ ይኑር" ብሎ ይመክራል። ሦስተኛው ደግሞ "ሌላ ቦታ ተቀጥረህ ደብዳቤውን አሳያቸው፣ ያኔ ይለማመጡሃል" ይላል። ሦስቱም ምክሮች የሠሩላቸው ሰዎች አሉ፤ የሥራ ቦታቸውን ያበላሹባቸውም አሉ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱን የሚፈጥረው የጠያቂው ብቃት ሳይሆን ጥያቄው ውሳኔው ካለበት ቦታ መድረስ አለመድረሱ ነው።

መጀመሪያ፦ የምትጠይቁት የትኛውን ዕድገት ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የደረጃ ዕድገት ነው። ሥራው ያው ሆኖ ከጀማሪ ባለሙያ ወደ ባለሙያ፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ባለሙያ መሸጋገር ማለት ነው። ለዚህ ክፍት ወንበር አያስፈልግም፤ መስፈርቱን ማሟላትና የደመወዝ በጀት መኖሩ ይበቃል። ሁለተኛው የመደብ ዕድገት ነው፤ ቡድን መሪ ወይም የክፍል ኃላፊ መሆን። ወንበሩ አንድ ስለሆነ የተቀመጠበት ካልተነሣ ወይም ክፍሉ ካልሰፋ ጉብዝና ብቻውን አያስገኘውም። ሦስተኛው በመዋቅሩ ውስጥ የሌለ መደብ እንዲፈጠር መጠየቅ ነው። መዋቅር የሚያሻሽለው የቅርብ አለቃ ሳይሆን ከእሱ በላይ ያለ አካል በመሆኑ ከሁሉም የሚረዝመው ይህ ነው።

ይህን ሳይለዩ "ዕድገት ይገባኛል" ብሎ መግባት በጣም የተለመደው ስህተት ነው። አለቃ "ይገባሃል፣ ግን መደብ የለም" ይላል፤ ጥያቄውም እዚያው ያልቃል። ሠራተኛው የጠየቀው የደረጃ ዕድገት ቢሆን ኖሮ ይህ መልስ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ከማንም ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት የድርጅቱን የደረጃ ሰንጠረዥ፣ የቀጣዩን ደረጃ የሥራ ዝርዝርና የዕድገት መመሪያውን ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቃችሁ አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በአንድ ደረጃ ላይ ስንት ወር መቆየት ግዴታ እንደሆነ፣ የምዘና ውጤት ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ። መመሪያ የሌለበት ትንሽ ድርጅት ከሆነ ከዚህ ቀደም ያደጉት ሁለት ሦስት ሰዎች በምን አኳኋን እንዳደጉ ማጣራት መመሪያውን ይተካል።

መመዘኛዎቹ

ስድስቱን መንገዶች በአምስት ጥያቄዎች እንመዝናቸዋለን። ጥያቄው ከሚወስነው ሰው ይደርሳል? በጀት ከመዘጋቱ በፊት ይደርሳል? በኋላ የሚጠቀስ ጽሑፍ ይተዋል? ካልተሳካ ምን ያስከፍላል? ዝግጅቱስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ከአምስቱ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ነው። የሚቀጥለው ዓመት የደመወዝ በጀት የሚታቀደው ዓመቱ ከመጀመሩ ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ቅን የሆነ አለቃ እንኳ የሚሰጠው ነገር የለውም።

መዘግየት ዋጋ እንዳለውም እዚሁ እናስላ። ዕድገቱ ደመወዛችሁን በ15% የሚጨምር ከሆነ በ12 ወር መዘግየት የ1.8 ወር ደመወዝ ያሳጣል (0.15 ሲባዛ በ12)። ዓመታዊ ጭማሪ በመቶኛ የሚሰጥበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ደመወዙን 100 ብንለው የ5% ጭማሪ ላላደገው 105፣ ላደገው ከ115 ተነሥቶ 120.75 ያደርሰዋል።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ የምትይዙት አንድ ገጽ

አንድ ገጽ ብቻ፣ በሁለት ዓምድ። በግራ በኩል የቀጣዩ ደረጃ የሥራ ዝርዝር የሚጠይቃቸውን ተግባራት አስፍሩ። በቀኝ በኩል ያንን ተግባር አሁኑኑ እየሠራችሁ መሆኑን የሚያሳይ ውጤት ጻፉ። ከ4 እስከ 5 ውጤት ይበቃል። እያንዳንዱ ከናንተ በፊት ምን ይመስል እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሚመስልና ማን ሊመሰክር እንደሚችል ይያዝ። "ወርሃዊ ሪፖርት አዘጋጃለሁ" ተግባር ነው፤ "ሪፖርቱ በ9 ቀን ይደርስ የነበረው ከመስከረም ወዲህ በ4 ቀን ይደርሳል፤ የሒሳብ ክፍል ያውቃል" ውጤት ነው።

ከዚህ ገጽ የሚወጡ ነገሮችም አሉ። እስከ ማታ ማምሸታችሁ፣ የኑሮ ውድነት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ "እገሌ ከእኔ በኋላ ገብቶ" የሚለው ሁሉ ይውጣ። እውነት መሆናቸው አይካድም፤ ግን ወሳኙ ሰው ለበላዩ ሊያቀርባቸው አይችልም። የቤት ችግር የጭማሪ ጥያቄን ያስረዳ ይሆናል እንጂ ለከፍተኛ ኃላፊነት ብቁ መሆንን አያሳይም። ከባልደረባ ጋር መነጻጸር ደግሞ አለቃውን ያለፈ ውሳኔውን ወደ መከላከል ይወስደዋል።

1. ከቅርብ አለቃ ጋር የብቻ ውይይት

ለአብዛኛው ሰው መነሻው ይህ ነው፤ ሌሎቹ አምስቱም ያለዚህ ብዙ ጊዜ ይሰናከላሉ። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የቅርብ አለቃ ብቻውን ባይወስንም ስማችሁን ወደ ላይ የሚያነሣው እሱ ነው። ስለዚህ የውይይቱ ግብ "እሺ" ማስባል ሳይሆን አለቃውን ጠበቃችሁ ማድረግ ነው።

ውይይቱ የበጀት ዕቅድ ከመጀመሩ ከ3 እስከ 4 ወር በፊት ይሁን። ቀኑን ስትመርጡ አንድ ትልቅ ሥራ ካስረከባችሁ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ክፍሉ በችግር የሚታመስበት ሳምንትና የሥራ ቀን ማብቂያ ሰዓት አይመረጡም። ርዕሱን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሳይዘጋጅ የተያዘ አለቃ ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል "እናያለን" ነው። ይህን ያህል ይበቃል፦

"ስለ ቀጣዩ ደረጃዬ 30 ደቂቃ ሰጥተው ቢያነጋግሩኝ ደስ ይለኛል። የሠራኋቸውን በአንድ ገጽ አጠቃልዬ ከሁለት ቀን በፊት አደርስዎታለሁ።"

ስትገቡ ጥያቄውን በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ በስሙ ጥሩት። "ምናልባት ወደፊት አንድ ነገር ቢታሰብ" የሚል ዙሪያ ጥምጥም ከትሕትና ይልቅ እርግጠኛ አለመሆንን ያሳያል። "ወደ ከፍተኛ ባለሙያ ደረጃ እንዲያሳድጉኝ ለመጠየቅ ነው የመጣሁት" ብሎ ጀምሮ ገጹን ማሳየት ይሻላል። ከዚያ ዝም በሉ። ጸጥታው ከብዷቸው "ባይሆንም ግን ግድ የለም" ብለው የራሳቸውን ጥያቄ የሚተዉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መልሱ ምንም ይሁን ምን ከክፍሉ ሳትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህን መጨረሻ ላይ የሚወስነው ማነው? የሚወሰነው መቼ ነው? ለእሳቸው ምን ቢቀርብላቸው ይበቃል? በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ አጭር መልእክት ላኩ፦ "ስለ ትናንቱ ውይይት አመሰግናለሁ። እንደተረዳሁት የደንበኞች ክፍሉን የሥልጠና ሥራ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካስረከብኩ በታኅሣሥ ስብሰባ ስሜን ያቀርባሉ። የተሳሳትኩት ካለ ቢያርሙኝ።" የዚህ መንገድ ትልቁ ድክመት ቃል በአየር ላይ መቅረቱ ነው፤ ይህች መልእክት ያንን ትሸፍናለች። አለቃው ቢቀየር እንኳ ለሚተካው የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

2. በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ወቅት

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ባቡሩ ሄዷል። በብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ኃላፊዎች የየክፍላቸውን ሠራተኞች ውጤት ይዘው አንድ ላይ ተቀምጠው ያስተያያሉ፣ ነጥብ ያስተካክላሉ፣ ለዕድገት የሚቀርቡትን ይለያሉ። እናንተ ከአለቃችሁ ፊት ስትቀመጡ የምትሰሙት የዚያን ስብሰባ ውጤት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ስለናንተ የተናገረው አለቃችሁ ከሆነና ምን እንደምትፈልጉ ካላወቀ ስማችሁ ሳይነሣ ያልፋል።

ሌላው ችግር የሰው ትውስታ ነው። መዛኝ ዓመቱን ሙሉ የሆነውን ለማስታወስ ቢሞክርም የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ሚዛን ይደፋሉ። ከበድ ያለው ሥራችሁ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከነበረ እናንተ ራሳችሁ ካላስታወሳችሁት ተረስቷል ማለት ይቻላል። በየወሩ መጨረሻ 10 ደቂቃ ወስዶ ውጤቶችን መመዝገብ ለዚህ መድኃኒቱ ነው።

ይህ ማለት ምዘናው አይጠቅምም ማለት አይደለም። መደበኛ መዝገብ ስለሚተው በመጀመሪያው መንገድ የተነገረው ነገር የሚጻፍበት ቦታ ነው። ቅጹ ላይ የሠራተኛ አስተያየት የሚል ክፍል ካለ ባዶውን አትፈርሙ። የምትፈልጉትን ደረጃና የተስማማችሁበትን ቀን በሁለት መስመር ጻፉበት።

3. የጽሑፍ ጥያቄ

ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ያለቅድመ ውይይት ሲደርስ እንደ አቤቱታ ይነበባል። አለቃው "እኔን ሳያናግረኝ መዝገብ ከፈተብኝ" ብሎ ሊቀየም ይችላል። ከውይይት በኋላ ሲሆን ግን ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ በተለይ ውሳኔው በኮሚቴ በሚሰጥበት፣ የሚወስኑት ሰዎች እናንተን በአካል በማያውቁበት ትልቅ ድርጅት። ከ250 እስከ 300 ቃል አይለፍ። የመጀመሪያው አንቀጽ የምትጠይቁትን መደብ ወይም ደረጃ፣ ሁለተኛው ሦስት ውጤቶችን፣ ሦስተኛው የመመሪያውን መስፈርት እንዴት እንዳሟላችሁ፣ የመጨረሻው መስመር መልስ የምትጠብቁበትን ቀን ይያዝ። አንድ ገጹ አባሪ ይሆናል። የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ወይም የኢሜይል ቅጂ ያዙ፤ የቆይታ ጊዜ የሚቆጠርበት ክርክር ከመጣ የሚፈለገው እሱ ነው።

4. የወጣ ክፍት መደብ ላይ መወዳደር

የመደብ ዕድገት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም ንጹሑ መንገድ ነው። ወንበሩ አለ፣ በጀቱ ተይዟል፣ መስፈርቱ ተጽፏል፤ "መደብ የለም" የሚባል መልስ አይመጣም። ዋጋው ውድድሩ ነው። ከሌላ ክፍል የሚመጡ አሉ፤ ማስታወቂያው ወደ ውጭም ከወጣ ከውጭ የሚመጡም ይጨመራሉ።

የውስጥ ተወዳዳሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው "ያውቁኛል" ብሎ ሳይዘጋጅ ስለሚገባ ነው። የሚፈትኑት ሰዎች ነጥብ የሚሰጡት በቃለ መጠይቁ ለተናገራችሁት እንጂ ከዚያ በፊት ለሚያውቁት አይደለም፤ ቢያንስ እንደዚያ መሆን አለበት። እንደ እንግዳ ሰው ተዘጋጁ። ሁለተኛው ስህተት የቅርብ አለቃ ወሬውን ከሰው ኃይል ክፍል መስማቱ ነው። ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ አንድ ቀን በፊት ራሳችሁ ንገሩት። ሌላ የሚጣራ ነገርም አለ፦ አዲሱ መደብ የሙከራ ጊዜ አለው ወይ? ካለው፣ ካልተሳካ ወደ ቀድሞ መደባችሁ ትመለሳላችሁ ወይስ ያ ቦታ በሌላ ሰው ይያዛል?

5. በተጠባባቂነት ይዞ መሥራት

ኃላፊው ሲለቅ፣ ሲታመም ወይም ለትምህርት ሲሄድ ቦታውን በተጠባባቂነት መያዝ እንደ ማስረጃ የሚተካከለው የለም፤ ሥራውን እንደምትችሉ እየሠራችሁ ታሳያላችሁ። ወጥመድ የሚሆነው ቀን ሳይቆረጥለት ሲቀር ነው። ድርጅቱ የኃላፊውን ሥራ በዝቅተኛ ደመወዝ እያሠራ ስለሆነ መደቡን ለመሙላት የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። የደመወዝ ልዩነቱ 15% ከሆነ፣ አበል ሳይከፈላችሁ 6 ወር መቆየት ከኪሳችሁ የ0.9 ወር ደመወዝ ያወጣል፤ ዓመት ሲሞላ እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይኑር፦ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የተጠባባቂነት አበል፣ እስከ ምን ድረስ የመፈረም ሥልጣን እንዳላችሁ፣ የቀድሞ ሥራችሁን ማን እንደሚሸፍን። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለት ሥራ ደርቦ በሁለቱም መካከለኛ ውጤት ማምጣት ለቋሚ ሹመቱ "አልቻለም" የሚል ማስረጃ ይሆናል። ከ3 እስከ 6 ወር ተገቢ ጊዜ ነው። ካለፈ ጉዳዩን የምታነሡት እናንተ ናችሁ፤ ሌላ ማንም አያነሣውም።

6. የሌላ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ይዞ መቅረብ

ፈጣኑም አደገኛውም ይህ ነው። መልስ በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ መልሱ ግን "መልካም ዕድል" ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን አንድ ሕግ አለ፦ ደብዳቤውን የምታሳዩት በእርግጥ ለመሄድ ከወሰናችሁ ብቻ ነው። የሌለ ደብዳቤ ይዞ ማስፈራራት ሲጠየቁ ያጋልጣል፤ ከተጋለጡ በኋላ ደግሞ እዚያ ቤት ዕድገት ማሰብ ከንቱ ነው።

ሲሳካም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ደመወዝ ነው እንጂ ደረጃ አይደለም፤ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴና መመሪያ ስላለው በሦስት ቀን አይጸድቅም። ዕድገት የምትፈልጉት ለኃላፊነቱ ከሆነ ጭማሪው ብቻውን ጥያቄያችሁን አልመለሰም። በአለቃው ዘንድ ደግሞ "ሊሄድ የነበረ" የሚል ስም ይቀራል፤ ቅነሳ ሲመጣ ይታወሳል። ካደረጋችሁትም አነጋገሩ እንዲህ ይሁን፦ "ሳልፈልገው የመጣ ግብዣ ነው አልልዎትም፤ ግን መቆየቱን እመርጣለሁ። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።" የድሮውን ሥራ መልቀቂያ የምታስገቡት አዲሱ ውል በሁለቱም ወገን ከተፈረመ በኋላ ነው።

አለቃን ዘልሎ የበላዩን ማነጋገርን በሰባተኛነት ያልቆጠርነው አውቀን ነው። አለቃው ራሱ እንቅፋት መሆኑ በጽሑፍ ካልታየና ሁለት ጊዜ ካልተሞከረ በቀር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

በአንድ እይታ

| መንገድ | የሚስማማው | መቼ ይጀመር | ጽሑፍ ይተዋል? | ካልተሳካ | ዝግጅት |
|---|---|---|---|---|---|
| የብቻ ውይይት | ለደረጃ፤ ለሁሉም መነሻ | ከበጀት ዕቅድ 3–4 ወር በፊት | መልእክት ከላካችሁ ብቻ | ጉዳቱ ትንሽ | 1–2 ሳምንት |
| ዓመታዊ ምዘና | ለደረጃ | ዓመቱን ሙሉ | አዎ | አንድ ዓመት መጠበቅ | በወር 10 ደቂቃ |
| የጽሑፍ ጥያቄ | ኮሚቴ ለሚወስንበት | ከውይይቱ በኋላ | አዎ፣ ጠንካራ | ያለ ውይይት ከገባ ቅያሜ | 2–3 ቀን |
| ክፍት መደብ | ለመደብ | ማስታወቂያ ሲወጣ | አዎ | መካከለኛ | 2–3 ሳምንት |
| ተጠባባቂነት | ለመደብ | ቦታው ሲለቀቅ | ደብዳቤ ካለ | ድካምና የቀረ ገቢ | 3–6 ወር ሥራ |
| የሌላ ድርጅት ደብዳቤ | ለደመወዝ | ለመሄድ ሲወሰን | በከፊል | ቦታን ማጣት፣ አመኔታ | ሳምንታት ወይም ወራት |

ለማን የትኛው?

በቦታው ከአንድ ዓመት በታች ከቆያችሁ ጥያቄውን ወደ ዕቅድ ቀይሩት። "ለቀጣዩ ደረጃ ምን ይጎድለኛል?" ብሎ በአንደኛው መንገድ መጀመር ነው፤ መመሪያው የቆይታ ጊዜ ካስቀመጠ በየትኛውም በር ብትገቡ መልሱ ያው ነው።

የቀጣዩን ደረጃ ሥራ 6 ወርና ከዚያ በላይ ስትሠሩ የቆያችሁ ከሆነ አንደኛውና ሦስተኛው አንድ ላይ ይሂዱ፤ በመካከላቸው ከ2 ሳምንት በላይ አይግባ። ሥራችሁ ከርቀት ከሆነና ወሳኞቹ ፊታችሁን የማያውቁት ከሆነም እንዲሁ፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ ይበልጣል። አስተዳዳሪ መሆን ለሚፈልግ ሰው ግን ደረጃ መጠየቅ ዙሪያ መሄድ ነው፤ አምስተኛውን በአራቱ ቅድመ ሁኔታዎች ተቀብሎ መደቡ ሲወጣ በአራተኛው መወዳደር ይሻላል።

ጊዜ የሌለው፣ ገንዘቡ አሁን የሚያስፈልገው ሰው ዕድገቱን ትቶ የደመወዝ ማስተካከያ ቢጠይቅ ቶሎ መልስ ያገኛል፤ የሚያስፈልገው ፊርማም ያነሰ ነው። አለቃቸው ሊቀየር የተቃረበ ደግሞ ነባሩ ሳይሄድ በጽሑፍ አንድ ነገር ያስቀሩ። አዲስ አለቃ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማንንም ለዕድገት ለማቅረብ ይቸግረዋል።

"አይሆንም" ሲባል

አራት ዓይነት እምቢታ አለ፤ መልሳቸውም ይለያያል። "በጀት የለም" ከተባለ የሚጠየቀው የሚቀጥለው በጀት የሚታቀድበት ወር ነው፤ ያንን ቀን ይዛችሁ ከሱ 3 ወር በፊት ትመለሳላችሁ። "መደብ የለም" ከተባለ ወደ ደረጃ ዕድገት ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። "ገና ነህ" ከተባለ የጎደለው በተግባር ስም ይነገር፤ "ብስለት" ወይም "አመራር" የሚል ቃል ብቻውን አይለካም፣ "ምን ስሠራ ቢያዩ ሞላ ይላሉ?" ብላችሁ አጥብቡት። "እናያለን" የሚለው አራተኛው ነው፤ እሱን እንደ እምቢታ ቆጥራችሁ ቀን አስቆርጡለት።

የተቀመጠላችሁን መስፈርት አሟልታችሁ ሁለት የበጀት ዙር በተለያየ ምክንያት ካለፈ ችግሩ አጠያየቃችሁ ላይ አይደለም። ያኔ ስድስተኛው መንገድ ማስፈራሪያ መሆኑ ቀርቶ መውጫ ይሆናል።

"እሺ" ከተባለ ደግሞ ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስ አልጸደቀም ብላችሁ ያዙት። ሲደርሳችሁ አዲሱ የመደብ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደመወዙና የሚጸናበት ቀን መጻፋቸውን እዩ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የመጨረሻው ነው፤ ኃላፊነቱን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ ይታሰብ እንደሆነ ወይም ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ሳትፈርሙ ጠይቁ።